እጅዎን ይሰብስቡ

በሕይወቴ ዳኛ ሆኜ የተሾምሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተሾምሁትም ፍርድ ስለማውቅ ሳይሆን ኳስ በዱላ መምታት ስላቃተኝ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። እስቴ ውስጥ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ የሂሳብና የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርሁ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ብዙ ያልቆየሁ፣ አንድ የሱፍ ኮት ያለኝ፣ ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት የማላጣ ሰው ነበርሁ። ኮቴን ፀሐይ በከረረበት ቀን እንኳ አላወልቅም፤ ያለ ኮት ያየኝ ሰው ገበሬ ነው ይለኛል ብዬ እፈራለሁ። የገበሬ ልጅ መሆኔን የማያውቅ ሰው ግን በከተማው አልነበረም።

በዚያ ዓመት ከአሜሪካ አንድ ወጣት አስተማሪ ተላከልን። ሻንጣው በበቅሎ ተጭኖ ሲመጣ ከጎኑ ጫፉ ወፈር ያለ፣ ተልጎ የለሰለሰ ዱላ ታስሮ ነበር። የአገሩ ሰው ዱላ የያዘ እንግዳ ያከብራልና፣ ሰውየው ገና "ጤና ይስጥልኝ" ማለት ሳይማር ተወደደ። ዱላው ግን ሶፍትቦል ለሚባል ጨዋታ የመጣ ነው። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንሁ ቃሉን በተማሪዎቹ ፊት ተረጎምሁት። "ሶፍት ማለት ለስላሳ ነው፤ ቦል ኳስ ነው፤ እንግዲህ ለስላሳ ኳስ ማለት ነውና አትፍሩ" አልኋቸው። በማግሥቱ ለስላሳዋ ኳስ የዲሬክተራችንን ጉልበት አገኘችውና ሰውየው ለብዙ ቀን አነከሰ። ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቼ የተረጎምሁላቸውን ቃል ሁሉ ከሌላ ሰው ሳያጣሩ አይቀበሉኝም ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። የመታው ሰው ዱላውን ጥሎ ይሮጣል፤ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ ማረፊያዎችን በየተራ እየረገጠ ወደ ተነሣበት ከተመለሰ ለቡድኑ ነጥብ ይቆጠርለታል። የመጨረሻው ማረፊያ "ቤት" ይባላል። በሁለት ማረፊያ መካከል ሳለ ኳሷን የያዘ ተጋጣሚ ከነካው ግን ከጨዋታው ይወጣል። ሕዝቡ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ዱላና ሩጫ ያለበትን ነገር ከገና ጨዋታ ያውቀዋል። የከበደው ዳኛው ነው። የገና ጨዋታ ዳኛ የለውም፤ የተመታ መልሶ ይመታል፣ ያነከሰ እያነከሰ ይጫወታል፣ ሲያበቃ አብረው ጠላ ይጠጣሉ። "ጨዋታ መካከል ገብቶ የማይጫወት ሰው ምን ያደርጋል?" ይሉ ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ መቺ ልሆን ሞክሬ ነበር። እኔ ዱላውን ስሰነዝር ኳሷ ካለፈችኝ ቆይታለች። አሜሪካዊው ጨዋ ሰው ነው፤ ብዙ ታገሠኝና በመጨረሻ "አንተ ዓይንህ ጥሩ ነው፤ ዳኛ ብትሆን ይሻላል" አለኝ። ዓይኑ ጥሩ የሆነ ሰው ትርንጎ የምታህል ኳስ እንዴት ይስታል ብዬ አልጠየቅሁም። ሹመት መሰለኝና የኮቴን ቁልፍ ቆለፍሁ።

የጨዋታውን የሕግ መጽሐፍ ሰጠኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ ሳገላብጠው ሰነበትሁና አንዲት አንቀጽ ላይ ስደርስ ልቤ እዚያው ቀረ። ኳስ ያልያዘ ተጫዋች የሯጩን መንገድ ቢዘጋ ወይም በማናቸውም መንገድ ሩጫውን ቢያሰናክል፣ ዳኛው ወዲያው ጨዋታውን አያስቆምም። ግራ እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ዝም ብሎም ይጠብቃል። ነገሩ ሮጦ ሮጦ ሲያበቃ፣ ያን ጊዜ "ይህ ሰው ባይታገድ ኖሮ የት ይደርስ ነበር?" ብሎ በልቡ ይመረምርና፣ ይደርስበት ወደ ነበረው ማረፊያ ይሰደዋል። የሆነውን መፍረድ የማንም ዳኛ ሥራ ነው፤ ሊሆን ይችል የነበረውን መፍረድ ግን ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የእኔ ሆነ። ስሙንም "እግድ" ብዬ ሰየምሁት። ከፍርድ ቤት ደጅ የሰማሁት ቃል ስለሆነ ክብደት ያለው መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ እጄን ስዘረጋና ስሰበስብ ዋልሁ። በክፍል ውስጥ እንኳ ተማሪ ሲያወራ ስሰማ ሥራዬን አቁሜ፣ ግራ እጄን ዘርግቼ፣ ዝም እል ጀመር። ተማሪዎቹም ወሬያቸውን እስኪጨርሱ የምጠብቅላቸው መሆኔን ሲያውቁ በጣም ተመቻቸው። ትምህርቱ በዚያ ሰሞን ብዙ ወደ ፊት አልሄደም።

ማረፊያዎቹ ገለባ የተጠቀጠቀባቸው ጆንያዎች ነበሩ። አንድ ቀን ሁለተኛውን ማረፊያ በሬ ቀዶ በላውና የሚሰፋ ሰው ተፈለገ። በትምህርት ቤቱ ለሴቶች ልጆች የእጅ ሥራ የምታስተምር አንዲት ወጣት ነበረች፤ የወረዳው ዳኛ ልጅ ናት። ጆንያውን በወፍራም መርፌ ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የሶፍትቦልን ሕግ ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሬ አስረዳኋት። ሳትሰለች ሰማችኝ። የምትናገረው ጥቂት ነበር፤ የተናገረችው ግን ሁሉም ሥራ ላይ የሚውል ነገር ነው። "ገለባው ቢረጥብ በሬ አይበላውም ነበር" አለችኝ፤ እውነቷን ነበር።

በማግሥቱ ያልተቀደደውን ጆንያ እኔው ቀድጄ ወሰድሁላት። በሳምንቱም ሌላ። በሬው ባልሠራው ጥፋት በከተማው ሁሉ ስሙ ጠፋ። እኔ ራሴ ልጅቱን መውደዴን ያወቅሁት ዲሬክተሩ እያነከሰ መጥቶ "ለመሆኑ ጆንያ ስንት ጊዜ ይቀደዳል?" ብሎ ሲስቅብኝ ነው። ወድጃት ነበር። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማስበው ምን ልቅደድ የሚለውን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእግዱን ምልክት አሳየኋት። አሜሪካዊው ሲያስተምረኝ መጽሐፉ እንደሚያዘው ግራ እጁን ዘርግቶ መዳፉን ይጨብጥ ነበር። እኔ ግን ጡጫ የሚያሳይ ዳኛ ጠብ ፈላጊ ይመስላል አልሁና ምልክቱን አሻሻልሁት። መዳፌን ከፍቼ፣ ጣቶቼን አለስልሼ፣ የተማረ ሰው እጅ አስመስዬ ነበር የምዘረጋው። ከሥራዋ ቀና ብላ ጥቂት አየችኝና፣

"እጅዎን ይሰብስቡ" አለችኝ።

የተዘረጋው እጄ ወደ ትከሻዋ አቅጣጫ መሆኑ ያን ጊዜ ታየኝ። ደነገጥሁ። "ይቅርታ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሌላ አሳብ የለኝም" ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁና እጄን ኪሴ ከተትሁት።

"እንዲያ ማለቴ አይደለም እኮ" ብላ ጀመረች፤ ፊቴን ስታይ ግን ሳቋ መጣባት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "አባቴ ሰው ሲፈርድ ፊቱን አያይም፤ እጁን ነው የሚያየው። ይሰብስቡት" አለችና ወደ መርፌዋ ተመለሰች።

እኔ ይህን የጨዋ ልጅ ተግሣጽ ነው ብዬ ተረጎምሁት። በትርጉም ያለኝን ችሎታ ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ።

ኅዳር ሲገባ ሽማግሌ ላክሁ። ዲሬክተሩ፣ አንድ ቄስና አንድ የእኔ አገር ሰው ነበሩ። አባቷ የሚፈራ ሰው ነው። ከባለጉዳይ እንቁላል እንኳ አይቀበልም፤ ደጁ ላይ ሙክት ታስሮ ካገኘ ራሱ ፈትቶ ያባርረዋል ይባላል። በዚያ አገር ሰው መሟገት ይወዳል፤ ተሟጋቹ ሲበዛ ደግሞ ስለ ዳኛ እጅ የሚወራው ብዙ ነው፤ ስለ እሱ እጅ ግን ምንም ተወርቶ አያውቅም። ሽማግሎቹን ቁጭ አድርጎ ሰማና፣ "ልጁ ዳኛ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሲፈርድ ልየውና መልሴን እሰጣችኋለሁ" አላቸው። ሽማግሎቹ ቀልድ መስሏቸው እየሳቁ መጡ። ቀልድ አልነበረም።

ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ትምህርት ቤት ቡድን ጋር ግጥሚያ ይዘን ነበር። ልጆቹ ስንቃቸውን በጀርባቸው ይዘው፣ መንገድ ላይ አድረው በእግራቸው መጡ። አንድ የአገራቸው ባለጸጋ፣ ልጁ ከተጫዋቾቹ አንዱ ስለሆነ፣ በበቅሎ አጅቧቸው መጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገብሱ የታጨደበት ማሳ ላይ ሕዝብ ተሰበሰበ። አሜሪካዊው ለሁለቱም ቡድን ወርዋሪ ሆነ። የወረዳው ዳኛ ከጥላ ሥር ወንበር ተዘጋጅቶለት ከዘራውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ ተቀመጠ። ልጁ፣ የእጅ ሥራ አስተማሪዋ፣ ከሴቶቹ ጋር ማሳው ዳር ነበረች። ሦስተኛው ማረፊያ ላይ የቆመው ተጫዋቻችን ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነው። እኔ በኮቴ ውስጥ እየፈላሁ መካከል ቆምሁ። የምፈርደው ለሶፍትቦል ሳይሆን ለጋብቻዬ መሆኑን አውቅ ነበር።

ብዙውን ጊዜ ደኅና ሄደ። ከዚያ ከጋይንት አንድ ቁመተ ረጅም ዲያቆን ተነሥቶ ኳሷን እስከ ማሳው ጫፍ መታት። መትቶም ሮጠ። አንደኛውን ረገጠ፤ ሁለተኛውን ረገጠ፤ ወደ ሦስተኛው ሲመጣ ኳሷ ገና ከቦይ ውስጥ ነበር የምትፈለገው። የዳኛው ልጅ ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ባዶ እጁን ቆሟል። ኳስ የለውም፤ ሯጩን በደረቱ ቢያግደው ደግሞ እግድ እንደምለው ያውቃል፤ ሕጉን እኔው ነኝ ያስተማርሁት። አሰበና የአባቱን ግቢ ሕግ አወጣ።

"በጃንሆይ አምላክ ቁም" አለው።

በዚያ ዘመን ማንም ሰው ማንንም ሰው በመንገድ ላይ በንጉሥ አምላክ ካስቆመው የተጠራበት ሰው እግሩን አያነሣም። ቢያነሣ ንጉሥ እንደ ናቀ ይቆጠርበታል። ሁለቱ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ቅርብ ወዳለ ዳኛ ይሄዳሉ እንጂ ከዚያ በፊት ንቅንቅ የለም። ዲያቆኑም ቆመ። አንድ እግሩን አንሥቶ ሳለ ነበር የተጠራበትና፣ ያነሣትን እግር ማሳረፍም መንቀሳቀስ ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ በአንድ እግሩ ቀረ። ተቀምጦ የነበረው ሕዝብ የንጉሥ ስም ተጠርቷልና ብድግ አለ። አሜሪካዊው ብቻ ምን እንደ ሆነ ሳይገባው ግራና ቀኝ ያያል።

እኔ ግን ገባኝ። እንዲያውም እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ፈጥኖ ገብቶኝ አያውቅም። መጽሐፉ "በማናቸውም መንገድ" ይላል፤ አፍም አንድ መንገድ ነው። እግድ ነው። ግራ እጄን ዘረጋሁ፤ መዳፌን ከፈትሁ፤ ጣቶቼን አለሰለስሁ፤ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ጥበቃው ረዘመ። ኳሷ ከቦይ ወጣች፤ የመጀመሪያው ወረወራት፤ ሁለተኛው ጣላት፤ አነሣት፤ ደግሞ ወረወራት። ዲያቆኑ በአንድ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ነው። የእኔም እጅ ዝሏል፤ ግን አላወረድሁም። በመጨረሻ የዳኛው ልጅ ኳሷን ተቀበለና ቀስ ብሎ ሄዶ የዲያቆኑን ትከሻ ነካው። "ወጣ" አለ።

ያን ጊዜ እጄን አወረድሁና የሰለጠንሁበትን ድምፅ አወጣሁ። "እግድ ነው። ሯጩ ባይታገድ ኖሮ ቤት ይደርስ ነበር። ስለዚህ ቤት ሰጥቼዋለሁ" አልሁ።

ሕዝቡ ከኋላዬ ተንጫጫ። "እግድ አወጣ" አለ አንዱ። "ቤት ሰጠው" አለ ሌላው። "የማንን ቤት?" ብሎ የማሳው ባለቤት ከመካከል ወጣ፤ ማሳው አጠገብ ያለው ቤት የሱ ነበር። እሱን ሳረጋጋ አንድ ጥብቅና የሚሞክረው ሽማግሌ ከፊቴ ቆሞ፣ "አንድ ነገር ላስረዳ፣ አስተማሪ። የልጁ ጥፋት ምንድን ነው? የጃንሆይን ስም መጥራቱ ነው?" አለኝ።

ላቤ ከሱፍ ኮቴ ሥር ወረደ። የንጉሡ ስም እንቅፋት ነው ብዬ በሕዝብ ፊት ፈርጄ ነበር ማለት ነው። "ስሙ አይደለም" አልሁ፤ "ማለቴ፣ መጥራቱ፤ መጥራቱም ሳይሆን ጠሪው፤ ጠሪውም ቢሆን..." ሁሉም ሰው ወደ ጥላው ሥር ዞሮ አየ። የወረዳው ዳኛ ከወንበሩ ተነሣና ከዘራውን እየተመረኮዘ ወደ ማሳው ገባ።

መጀመሪያ ዲያቆኑን ጠየቀው። "ለምን ቆምህ?"

"በንጉሥ አምላክ ተጠርቶብኝ፣ ጌታዬ።"

"ደግ አደረግህ። አሁን እግርህን አሳርፍ።" ዲያቆኑ እግሩን አሳረፈና ከድካሙ የተነሣ እዚያው ተቀመጠ።

ቀጥሎ ልጁን ጠየቀው። "በስሙ ያስቆመ ሰው ያስቆመውን ወዴት ይወስዳል?"

"ወደ ዳኛ።"

"ወሰድኸው?"

ልጁ ወደ እኔ አመለከተ። "ዳኛው እዚሁ ቆሞ ነበር፣ አባባ።"

"በኳስ ነካኸው እንጂ የትም አልወሰድኸው። ስሙን ለመጫወቻ ጠርተሃል። የእንግዶቹን ስንቅ ተሸክመህ እስከ ወንዙ ትሸኛቸዋለህ።" ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ "የአስተማሪው ፍርድ ልክ ነው። በገዛ ልጄ ላይ ቢሆንም ልክ ነው" አለ።

በዚያች ሰዓት ከምድር ጥቂት ከፍ ብዬ ነበር። ወደ ሴቶቹ አየሁ፤ ልጅቱ እያየችኝ ነው፤ ፊቷ ግን እንደ ጠበቅሁት አልበራም። እጇን ከነጠላዋ ሥር ብቅ አድርጋ በቀስታ ጨብጣ ታሳየኛለች። ምን ማለቷ እንደ ሆነ አልገባኝም። ሰላምታ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁላት።

አባቷ አልሄደም ነበር። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ" አለኝ። "ጥፋቱን መቼ አየኸው?"

"ገና ሲጠራበት፣ ጌታዬ።"

"አይተህ ምን አደረግህ?"

"ጠበቅሁ።"

"ስትጠብቅ እጅህን ለማን ነው የዘረጋኸው?"

ሕዝቡ እጄ ተዘርግታበት የነበረውን አቅጣጫ ተከትሎ አየ። እኔም አየሁ። በግራዬ በኩል፣ ልክ መዳፌ ባመለከተችበት ቦታ፣ ያ የጋይንት ባለጸጋ ተቀምጦ ነበር። የፈረድሁትም ለጋይንት ነው። ባለጸጋው ዓይን ሁሉ ሲያርፍበት ደንግጦ ተነሣና፣ "ምንም አልሰጠሁትም፤ ገና ምንም አልሰጠሁትም" አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀው ሕዝብ ድምፅ እስከ ገበያው ተሰማ አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ምልክት መሆኑን አስረዳሁ። አንቀጹን በእንግሊዝኛና በአማርኛ ተናገርሁ። የወረዳው ዳኛ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። "እንግዲህ ጥፋት አይተህ ዝም አልህ፤ እጅህን ዘርግተህ ቆየህ፤ ከዚያ ፈረድህ" አለ።

"አዎን፣ ጌታዬ። ሕጉ ነው።"

"ደኅና" አለና ሄደ።

ሽማግሎቹ መልሱን ይዘው በሳምንቱ መጡ። "ፍርዱ ደኅና ነው፤ እጁ አልገባኝም። አዝመራው ይግባና ራሱ መጥቶ ያስረዳኝ" ብሏል አሉ። ዲሬክተሩ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ እሺ ማለቱ ነው አለኝ። እኔም ያን ጊዜ እንደዚያው ገብቶኝ ነበር። ነገር ግን በከተማው መራመድ አቅቶኝ ነበር። ልጆች መንገድ ዳር ተሰልፈው ግራ እጃቸውን ይዘረጉልኛል። ገበያ ላይ ሽንኩርት ልቀበል እጄን ስዘረጋ ሻጮቹ "ቀኝዎ ነው ግራዎ?" ይሉኛል። በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል ወደ ዳኛው ቤት ሄጄ ስለ እጄ ማስረዳት ሞት መሰለኝ። ሳቁ ይብረድና እሄዳለሁ አልሁ። ኩራትም ነበረበት፤ ልክ ነው ተብሎ የጸና ፍርድ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል አልሁ።

ልጅቱ አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ጠብቃ አገኘችኝ። ጆንያ አልያዘችም። "ይሂዱና ጨብጠው ያሳዩት" አለችኝ። "አባቴ ሌላ አይፈልግም። የሚጨበጥ እጅ መሆኑን ብቻ ይይ።"

'እጅዎን ይሰብስቡ' ማለቷ ምን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ጨብጥ ማለቷ ነበር። አሜሪካዊው ያሳየኝም ይህንኑ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርሁ፤ ባፈርሁ ቁጥር ደግሞ ሕግ እጠቅሳለሁ።

"ጊዜው ሲደርስ እሄዳለሁ" አልኋት።

"መቼ ነው የሚደርሰው?"

"ነገሩ ሮጦ ሲያበቃ ነዋ።"

ቀልዴ ነበር። አልሳቀችም። "እንግዲያስ ይጠብቁ" ብላኝ ሄደች፤ እኔም ጠበቅሁ።

አዝመራው ገባ። አውድማው ተጠረገ። ጥምቀት አለፈ። በየሳምንቱ መጨረሻ ነገ እሄዳለሁ እያልሁ ኮቴን እቦርሽ ነበር። በጾሙ መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር አንድ የመንግሥት ጸሐፊ ለልጅቱ ሽማግሌ ልኳል የሚል ወሬ ሰማሁ። ሰውየው ሽማግሎቹን ብቻ ልኮ አልቀረም፤ ራሱ መጣ አሉ። ሁለት እጁን በጋቢው ውስጥ ሰብስቦ በዳኛው ፊት ቆመ አሉ። ይህን የነገረኝ ወንድሟ ነው፤ ሲነግረኝም መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ሥር ያልፋል። ከተማሪዎቹ ጋር ወጥቼ መንገድ ዳር ቆምሁ፤ ላለመቆም አልቻልሁም። ሠርገኛው እየዘፈነ መጣ። ሙሽራዋ በበቅሎ ላይ ናት፤ ከራሷ እስከ እግሯ በካባ ተሸፍናለች። ወንድሟ የበቅሎዋን ልጓም ይዟል።

በዚያ ዘመን ማንም ሰው ማንንም በመንገድ ላይ ማስቆም ይችል ነበር ብያለሁ። እኔም ማንም ሰው ነበርሁ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። አራት ቃል እንኳ አይሆንም፤ አንድ ተማሪ ልጅ ያለ አንድ ችግር የጠራው ቃል ነው። ብናገረው በቅሎዋ ትቆማለች፣ ሠርገኛው ይቆማል፣ ዘፈኑ ይቆማል። ወደ ዳኛም ያስኬዳል፤ ቅርብ ያለው ዳኛ አባቷ ነው፤ እኔም እጄን እጨብጥና አሳየዋለሁ። ይህን ሁሉ እያሰብሁ ሳለ በቅሎዋ ፊት ለፊቴ ደረሰች። ቃሉ አልወጣም። ግራ እጄ ብቻ ከጎኔ ተነሥታ ተዘረጋች፤ መዳፏ እንደ ልማዷ ተከፍቶ።

የካባው ጠርዝ ትንሽ ተገለጠ። አየችኝ። ምልክቱን ደግሞ ከእሷ የበለጠ የሚያውቀው ሰው በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አንድ ነገር ፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁና ጠርዙ ተመልሶ ወደቀ።

ከሚዜዎቹ አንዱ፣ የደብረ ታቦር ሰው፣ የእጄን ወሬ ያልሰማ፣ ኮት ለብሶ መንገድ ዳር እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው አየና አዘነልኝ። ከስንቁ ድፎ ዳቦ ቆርሶ፣ "ለእርስዎም ይድረስዎት፤ ከሠርጉ ነው" ብሎ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ዳቦው እንዳይወድቅ እጄ ተጨበጠ። ምልክቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ መጽሐፉ እንዳዘዘው ሆነ።

ሠርገኛው ከጉብታው ጀርባ እስኪሰወር እጄን አላወረድሁም። ከዚያ እንደ ሕጉ ባልታገድ ኖሮ የት እደርስ ነበር ብዬ ለመፍረድ ሞከርሁ። ያገደኝን ሰው ፈልጌ አጣሁና ዳቦውን በላሁት።